ታንክስጊቪንግ ከየት መጣ? ልጅሽም ወንድሟም የያዙት ግማሽ ግማሹን ነው

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖር እናት ናት። ሁለተኛ ክፍል ያለች ልጇ ከትምህርት ቤት የወረቀት ላባ ጭንቅላቷ ላይ አስራ መጥታ "ፒልግሪሞችና ኢንዲያኖች አብረው በልተው እግዚአብሔርን አመሰገኑ" ስትል፣ ሃይስኩል ያለው ወንድሟ "ውሸት ነው፣ የጨረሷቸውን ቀን ነው የሚያከብሩት" ብሎ አስለቀሳት። ከአዲስ አበባ የመጡት አያት ደግሞ "ለመሆኑ የማን በዓል ነው? የፕሮቴስታንት ነው እንዴ? ደሞስ ጾም ላይ አይደለን?" አሉ። እናትየዋ መሀል ቤት ቆማ የሚያውቅ ያስረዳኝ ትላለች።

እህቴ፣ እኔ ኮሌጅ ውስጥ የአሜሪካን ታሪክ፣ በተለይ የቅኝ ግዛቱን ዘመን ነው የማስተምረው፣ ይሄ ጥያቄ ደሞ ኅዳር በገባ ቁጥር ከሐበሻ ወላጆች የሚመጣ ጥያቄ ስለሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ በደንብ ልመልስልሽ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ። ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ልጆችሽ ሁለቱም አልዋሹም። የተጣሉት የተለያዩ ነገሮች አንድ ስም ስለተሰጣቸው ነው። ዛሬ ታንክስጊቪንግ የምንለው በዓል ከሦስት ቦታ ተለቃቅሞ የመጣ ነው፣ አንደኛው የእንግሊዝ ገበሬ ምርቱን ሲያስገባ የሚያደርገው ድግስ፣ ሁለተኛው የፒዩሪታኖቹ (የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በደንብ አልጠራችም የሚሉ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ናቸው) የምስጋና ጸሎት ቀን፣ ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ሊንከን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መሀል ያወጀው ብሔራዊ ቀን። በ1621 የተደረገው ግብዣ ለሁሉም መነሻ ነው ተብሎ የተለጠፈበት ከ200 ዓመት በኋላ ነው። ይሄን ከያዝሽ የቀረው ቀላል ነው።

መጀመሪያ ሰዎቹን እንወቃቸው። ፒልግሪሞች የሚባሉት የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን አንቀበልም፣ ለብቻችን እናመልካለን ብለው ወደ ሆላንድ የተሰደዱ ሰዎች ናቸው። ላይደን ከተማ አሥር ዓመት ምናምን ኖሩ፣ ማንም አልነካቸውም፣ ግን ልጆቻችን ቋንቋቸውን ረስተው ሆላንዳዊ ሆነው ሊቀሩብን ነው ብለው ሰጉ (ይሄን ስጋት አንቺም ሳታውቂው አትቀሪም)። ስለዚህ በ1620 ሜይፍላወር በምትባል መርከብ ተሳፈሩ። መርከቧ ላይ የነበረው 102 ተሳፋሪ ነው፣ ሁሉም በሃይማኖት ምክንያት የመጣ አይደለም፣ ግማሽ ያህሉ ሥራና መሬት ፍለጋ ነው የመጣው። የዛሬዋ ማሳቹሴትስ ሲደርሱ ኅዳር ነበር፣ ብርዱ ገብቷል፣ የተዘራ ነገር የለም፣ ቤት የለም፣ ስለዚህ ብዙዎቹ ክረምቱን መርከቧ ውስጥ ተፋፍገው ነው ያሳለፉት። ጸደይ ሲመጣ ግማሽ ያህሉ አልቀው ነበር።

አሁን ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ይመጣል። የሰፈሩበት ቦታ ጫካ ወይም ባዶ ሜዳ አልነበረም። ፓቱክሰት የሚባል የዋምፓኖግ ሕዝብ መንደር ነበር፣ የተመነጠረ፣ በቆሎ ሲታረስበት የኖረ መሬት። ነዋሪው ያለቀው ከ1616 እስከ 1619 ድረስ በገባ ወረርሽኝ ነው፣ በሽታውን ያመጡት ደግሞ ዳርቻውን ሲመላለሱበት የነበሩት የአውሮፓ መርከበኞች ናቸው። እንግሊዞቹ ሲደርሱ አጽም ሳይቀበር ሜዳ ላይ ተበትኖ ያገኙበት ቦታ ነበር።

ልጅሽ ስኳንቶ የሚባል ስም ሳትሰማ አትቀርም፣ በቆሎ መትከል ያስተማራቸው ደጉ ሰውዬ እየተባለ ነው የሚነገረው። ሙሉ ስሙ ቲስኳንተም ነው፣ የፓቱክሰት ልጅ ነው። እንግሊዝኛ የት ተማረ ብሎ ግን የሚጠይቅ የለም። በ1614 ቶማስ ሀንት የሚባል እንግሊዛዊ ካፒቴን እሱንና ሌሎች የአገሩን ሰዎች እንነግዳለን ብሎ አታሎ መርከብ ላይ ካወጣቸው በኋላ ስፔን፣ ማላጋ ወስዶ ለባርነት ሸጣቸው። ቲስኳንተም ከዛ አምልጦ ለንደን ገባ፣ እዛ ቋንቋውን ለመደ፣ ብዙ ተንከራቶ በ1619 አገሩ ሲመለስ መንደሩ ውስጥ አንድም ሰው አልጠበቀውም። ሁሉም ሞተዋል። እንግዲህ እንግሊዞቹ በዓመቱ መጥተው የሰፈሩት በሱ ሰፈር፣ በሞቱ ዘመዶቹ እርሻ ላይ ነው፣ እሱም ነው በቆሎውን ከዓሣ ጋር እየቀበሩ መትከልን ያሳያቸው። እኔ ይሄን ክፍል ሳስተምር ክላሱ ዝም ነው የሚለው።

የዋምፓኖጎቹ መሪ ኡሳሜክዊን ነው፣ በማዕረጉ ማሳሶይት እየተባለ ይታወቃል። ለምን እንግዶቹን አላባረራቸውም? ደግነት ብቻ አይደለም፣ ሒሳብም አለበት። ወረርሽኙ ሕዝቡን ጨርሶበታል፣ በምዕራብ በኩል ያሉት ናራጋንሴቶች ግን ብዙም ስላልተነኩ ኃይላቸው እንዳለ ነው፣ ሊጫኑት ይፈልጋሉ። ጠመንጃ ያለው ጎረቤት ጠቃሚ ነው ብሎ አሰበ። መጋቢት 1621 ላይ ተስማሙ፣ አንዱ ቢጠቃ ሌላው ሊረዳው። ይሄ ስምምነት ኡሳሜክዊን በሕይወት እስካለ ድረስ በግድም በውድም ሰንብቷል።

ከዛ ምርቱ ደረሰ። የበዓሉን ነገር የምናውቀው ኤድዋርድ ዊንስሎ የሚባል ከመካከላቸው አንዱ በታኅሣሥ 1621 እንግሊዝ ላለ ወዳጁ ከጻፈው ደብዳቤ ነው፣ እሱም ስለግብዣው ያለው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ስለ እርሻው የጻፈውን ብታይው ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። 20 ኤከር በቆሎ ተከልን፣ 6 ኤከር ገብስና አተር ዘራን ይላል፣ በቆሎው ጥሩ ያዘ፣ ገብሱ ደህና ነው ብቻ የሚባል ሆነ፣ አተሩ ግን አበባ ላይ እያለ ፀሐይ አቃጥሎት ለመልቀምም የሚሆን አልወጣውም። በሌላ አነጋገር ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ዘር አልሆነላቸውም፣ ያዳናቸው የባለአገሮቹ እህል ነው።

ስለ ግብዣው የሚለው ደግሞ ይሄን ነው፦ ምርቱ ከገባ በኋላ ገዥው አራት ሰው ወፍ አድነው እንዲመጡ ላከ፣ በአንድ ቀን ሳምንት ያህል የሚበቃ ገድለው መጡ፣ ጠመንጃ እየተኮሱ ይጫወቱ ነበር፣ ብዙ ኢንዲያኖችም መጡ፣ ማሳሶይት 90 ሰው ያህል ይዞ መጣ፣ ሦስት ቀን አብረን በላን፣ እነሱም ወጥተው አምስት አጋዘን ገድለው አመጡ። አለቀ። ተጋብዘው ነው የመጡት አይልም። አንዳንድ ዋምፓኖጎች የተኩሱን ድምፅ ሰምተው በስምምነቱ መሠረት ምን ሆናችሁ ሊሉ የመጡ ነው የሚመስለን ይላሉ፣ ደብዳቤው ይሄንንም ያንንም አይከለክልም። ቀኑንም አይጠቅስም፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የምስጋና በዓል የሚል ስምም አልሰጠውም።

አንድ ነገር አስቢልኝ። ከክረምቱ የተረፉት እንግሊዞች ሕፃን አዋቂ ተደምሮ 50 ምናምን ናቸው፣ እንግዶቹ 90 ወንዶች ናቸው። ከመርከቧ ከወረዱት ባለትዳር ሴቶች ደግሞ በሕይወት የቆዩት አራት ብቻ ነበሩ። አራት ሴቶች፣ ከጥቂት ልጃገረዶች ጋር ሆነው፣ ለሦስት ቀን፣ ለ140 ሰው! ድግስ አዘጋጅታ የምታውቅ ሴት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋትም። ከአራቱ አንዷ ሱዛና ትባላለች፣ ባሏን በየካቲት ቀበረች፣ ደብዳቤውን የጻፈው ዊንስሎ ሚስቱን በመጋቢት ቀበረ፣ በግንቦት ሁለቱ ተጋቡ። ያን ድግስ የበሉት ሐዘናቸው ዓመት ያልሞላ ሰዎች ናቸው፣ እንግዶቹ ዋምፓኖጎችም ቤተሰባቸውን በወረርሽኝ የጨረሱ ናቸው። ለኔ የ1621 ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ በሥዕሉ ላይ ካለው ጥቁር ኮፍያና ነጭ ጠረጴዛ ልብስ ይልቅ።

ስለ ምግቡ ፈጠን ልበል። አጋዘን በእርግጠኝነት ነበረ፣ ዳክዬና ዝይ የመሰለ ወፍ፣ በቆሎ (ቂጣም ገንፎም)፣ ዱባና ዓሣም ሳይኖር አይቀርም። ተርኪ? ብራድፎርድ የሚባለው ገዥያቸው ያን መከር የዱር ተርኪ በብዛት ነበረ ብሎ ጽፏል፣ ስለዚህ ቀርቦ ሊሆን ይችላል፣ ግን የድግሱ ንጉሥ አልነበረም። ድንች የለም፣ ስኳር ድንች የለም። ፓምፕኪን ፓይ ለመሥራት የስንዴ ዱቄት፣ ቅቤና ምድጃ ስለሚያስፈልግ እሱም የለም። የክራንቤሪ ፍሬ ጫካው ውስጥ አለ፣ ስኳር ስለሌለ ግን ያ ጣፋጩ ሶስ የለም። ሹካም አልነበራቸውም፣ በማንኪያ፣ በቢላና በእጃቸው ነው የበሉት። ደሞ ዛሬ ከሱቅ የምትገዢው ተርኪ የዛ ጫካ ዘር አይደለም፣ ሜክሲኮ ውስጥ የለመደው ዝርያ በስፔኖች አውሮፓ ሄዶ፣ ከእንግሊዝ ሰፋሪዎች ጋር ተመልሶ የመጣ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ጥያቄ ልምጣ፣ ምክንያቱም እሳቸው የጠየቁት ከሁሉም ጥልቅ ነው። እነዚህ ሰዎች ገናን አያከብሩም፣ ፋሲካን አያከብሩም፣ የቅዱሳን በዓል የሚባል ነገር የላቸውም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አልታዘዘም ባዮች ናቸው። እንዲያውም በዛው በ1621 ታኅሣሥ 25 ቀን ብራድፎርድ ሰዉን ሥራ ሲያሰማራ አዲስ የመጡት በገና ቀን መሥራት ኅሊናችን አይፈቅድም አሉት፣ እሺ ብሎ ትቷቸው ሄደ፣ ቀትር ላይ ሲመለስ መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወቱ አገኛቸውና መጫወቻቸውን ነጠቃቸው፣ ካከበራችሁ ቤታችሁ ገብታችሁ ጸልዩ እንጂ ሌላው እየሠራ እናንተ አትጫወቱም ብሎ። የነሱ ልዩ ቀናት ሁለት ዓይነት ናቸው፣ መከራ ሲመጣ ጾምና ጸሎት ይታወጃል፣ እግዚአብሔር ሲታረቅ ደግሞ የምስጋና ቀን ይታወጃል። ቋሚ ቀን የለውም፣ እንደ ሁኔታው ነው።

በነሱ አነጋገር የመጀመሪያው እውነተኛ የምስጋና ቀን እንግዲህ 1621 ሳይሆን 1623 ነው። ያን ዓመት ከግንቦት እስከ ሐምሌ አጋማሽ ዝናብ ጠፋ፣ በቆሎው ጠወለገ። ምህላ አወጁ፣ ቀኑን ሙሉ ጸልየው ሲመለሱ ሰማዩ ደመነ፣ ዝናቡም ቀስ ብሎ፣ ያለ ነፋስና ያለ ነጎድጓድ ወረደላቸው። ከዛ የምስጋና ቀን አደረጉ። ለእናትሽ ይሄን ብትነግሪያቸው ወዲያው ነው የሚገባቸው፣ ስለ ዝናብ ምህላ ይዞ መለመን፣ ሲዘንብ ማመስገን፣ ይሄ ለማንም የኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

የልጅሽ ወንድም የሰማው ነገር የሚመጣው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የምስጋና ቀን ለዝናብና ለምርት ብቻ ሳይሆን ለጦርነት ድልም ይታወጅ ነበር። በ1637 እንግሊዞች ከጎናቸው ከተሰለፉ ሌሎች የአገሩ ነባር ሕዝቦች ጋር ሆነው ኮኔቲከት ውስጥ ሚስቲክ የሚባለውን የፒኮት ሕዝብ ሰፈር በሌሊት ከበው እሳት ለቀቁበት፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው፣ አብዛኛው ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ፣ አለቀ። በዛው ዓመት ማሳቹሴትስ ቤይ የሚባለው የእንግሊዞች ቅኝ ግዛት አብያተ ክርስቲያናት ለዚህ ድል የምስጋና ቀን አደረጉ። ሌላው ይበልጥ ያማል። ኡሳሜክዊን ከሞተ በኋላ መሬቱ እያለቀ፣ የእንግሊዝ ከብት እርሻ እየገባ፣ ፍርድ ቤቱ የነሱ ብቻ እየሆነ ሲሄድ ልጁ ሜታኮም በ1675 ጦርነት ገጠመ፣ በነሐሴ 1676 ተገደለ። ጭንቅላቱን ፕሊመዝ፣ ማለትም የፒልግሪሞቹ ከተማ፣ ይዘው የገቡት የምስጋና ቀን ላይ ነው፣ እንጨት ላይ ሰክተውት ከ20 ዓመት በላይ እዛው ቆየ። ሚስቱንና ዘጠኝ ዓመት የሆነውን ልጁን ለባርነት ሸጧቸው። በ1621 አምስት አጋዘን ያቀረበው ሰውዬ ልጅና የልጅ ልጅ ማለት ነው። አምሳ አምስት ዓመት ብቻ ነው ያለፈው።

ስለዚህ ልጅሽ ወንድሟን ውሸታም ማለት አትችልም። ግን እሱም የሳተው አለ፣ ዛሬ የኅዳር ሐሙስ የሚከበረው በዓል ከነዚህ ቀናት የወረደ አይደለም።

የወረደው እንዲህ ነው። በኒው ኢንግላንድ ግዛቶች መከር ካለቀ በኋላ የምስጋና ቀን ማወጅ ቀስ በቀስ የየዓመት ልማድ ሆነ፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት የቤተሰብ ምሳ። በአብዮቱ ጦርነት ጊዜ ኮንግረሱ በ1777 አወጀ፣ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሆኖ ኅዳር 26 ቀን 1789 እንዲከበር አወጀ፣ ጄፈርሰን ግን መንግሥት ጸሎት ማወጅ የለበትም ብሎ እምቢ አለ። በየዓመቱ የሚከበር ብሔራዊ በዓል ያደረገችው ግን አንዲት ሴት ናት፣ ሳራ ጆሴፋ ሄል። ኒው ሃምፕሸር ተወለደች፣ በ1822 ባሏ ሞተባት፣ አምስት ልጅ ይዛ ቀረች፣ በብዕሯ አሳደገቻቸው፣ በዘመኑ በጣም የሚነበበውን የሴቶች መጽሔት ለ40 ዓመት አዘጋጀች። በመጽሔቷ ላይ በየዓመቱ ትጽፋለች፣ ለየግዛቱ ገዥ ደብዳቤ ትልካለች፣ ለፕሬዚዳንቶቹ ትጽፋለች፣ አገሪቱ በባርነት ጉዳይ ልትሰነጠቅ ስለሆነ ሰሜኑም ደቡቡም በአንድ ቀን አንድ ማዕድ ላይ ቢቀመጥ ትል ነበር። አሁን አንቺ የምትኖሪበት የቨርጂኒያ ገዥ በ1856 አልቀበልም ብሏታል፣ ደቡቦቹ ባርነትን የሚቃወሙ የሰሜን ሰባኪዎች ነገር አድርገው ነበር የሚያዩት።

የእርስ በርሱ ጦርነት አልቀረም። ሄል በመስከረም 1863 ለሊንከን ጻፈች፣ እሱም ጥቅምት 3 ቀን አወጀ፣ የኅዳር የመጨረሻው ሐሙስ ይሁን ብሎ። ጌቲስበርግ በሚባለው ትልቅ ውጊያ ያ ሁሉ ወጣት ካለቀ ሦስት ወር ነው የሆነው። አዋጁን አንብቢው፣ ስለ ፒልግሪም አንድ ቃል የለበትም፣ ስለ 1621 የለበትም። ስለ ምርቱ ያመሰግናል፣ በጦርነቱ ባል ያጡትን፣ ወላጅ የሌላቸውን፣ ያዘኑትን በጸሎት አስቡ ይላል፣ ሕዝቡም ኃጢአቱን እያሰበ ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ ይጠይቃል። የዛሬው በዓል ወላጅ ይሄ አዋጅ ነው፣ እና በኔ አስተያየት ትምህርት ቤት ከሚሠራው የፒልግሪም ድራማ ይልቅ ይሄ አዋጅ በየክላሱ ቢነበብ ይሻል ነበር።

ታዲያ ፒልግሪሞቹ ከየት ገቡ? የዊንስሎ ደብዳቤ ብዙ ሰው ረስቶት ነበር፣ በ1841 አሌክሳንደር ያንግ የሚባል የቦስተን ቄስ እንደገና ሲያሳትመው ግርጌ ላይ "ይሄ የመጀመሪያው ታንክስጊቪንግ ነው" የሚል ማስታወሻ ጨመረበት። ያቺ ማስታወሻ ናት እስከ ልጅሽ ክላስ የደረሰችው። ከ1800ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከጣሊያን፣ ከፖላንድ፣ ከሩሲያ ስደተኛ በገፍ ሲመጣ ትምህርት ቤቶች የስደተኛውን ልጅ አሜሪካዊ ማድረጊያ አደረጉት፣ ኮፍያና ላባ ለብሰው ድራማ እንዲሠሩ፣ እነሱም እንዳንተ በመርከብ የመጡ ናቸው እየተባሉ፣ ቤት ሄደው እናታቸውን ተርኪ ሥሪልኝ እንዲሉ። በምዕራቡ በኩል ከነባሮቹ ጋር የነበረው ጦርነት ስላለቀ ተግባቢ ኢንዲያን ያለበት ታሪክ ለመስማትም ደስ ይል ነበር። እና እህቴ፣ የወረቀት ላባው ያንቺን ልጅ ያገኛት በአጋጣሚ አይደለም፣ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ለስደተኛ ልጅ ተብሎ የተዘጋጀ ትምህርት ነው። ይሄ መጥፎ ብቻ ነው አልልም፣ ብዙ ልጅ እኔም የዚህ አገር ነኝ ያለው በዚህ በኩል ነው፣ ግን የሌላ ሕዝብ ሐዘን ተሸፍኖበት መሆኑን ወላጅ ማወቅ አለበት።

የቨርጂኒያ ሰዎች በነገራችን ላይ የመጀመሪያው እኛ ጋ ነው ይላሉ፣ በርክሊ በሚባለው ሰፈር በታኅሣሥ 1619 የደረሱ እንግሊዞች አመስግነው ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 አዋጁ ላይ ሁለቱንም ጠቅሶ አስታረቃቸው። የቀኑ ነገር ደግሞ፣ በ1939 ኅዳር አምስት ሐሙስ ስለነበረው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገና ግብይት እንዲረዝም ብሎ በሳምንት ቀደም አደረገው፣ ግማሹ ግዛት እሺ፣ ግማሹ እምቢ አለ፣ አገሩ በሁለት ቀን ሲያከብር ቆይቶ በ1941 መጨረሻ አራተኛው ሐሙስ ይሁን ተብሎ በሕግ ተቋጨ። የኒው ዮርኩ ፓሬድ ከ1924 ነው፣ የዲትሮይት ፉትቦል ከ1934። ብላክ ፍራይደይን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

አንድ ሰው ግን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ1970 የፒልግሪሞቹ 350ኛ ዓመት ሲከበር አዘጋጆቹ ዋምፓኖግ ይናገር ብለው ዋምሱታ ፍራንክ ጄምስን ጋበዙት፣ ንግግርህን አስቀድመን እንየው አሉት፣ ሲያዩት ደነገጡ፣ ኡሳሜክዊን እንግዶቹን መቀበሉ ምናልባት ትልቁ ስህተታችን ነበር ይላል፣ ፒልግሪሞቹ መቃብር መዝረፋቸውን፣ በቆሎ መውሰዳቸውን ይናገራል። ሌላ ጽፈንልሃል ይሄን አንብብ ሲሉት አላነብም ብሎ ትቶ ወጣ። በታንክስጊቪንግ ቀን ፕሊመዝ ኮረብታው ላይ፣ የማሳሶይት ሐውልት አጠገብ ከሌሎች ነባሮች ጋር ቆሞ ብሔራዊ የሐዘን ቀን አለው፣ ከዛ ወዲህ በየዓመቱ እዛው ይሰበሰባሉ፣ ብዙዎቹም ጾመው ነው የሚውሉት። ዋምፓኖጎች ጠፍተው የቀሩ ሕዝብ አይደሉም፣ የማሽፒና የአክዊና ማኅበረሰቦች ዛሬም እዛው አገራቸው ላይ አሉ፣ ሞቶ የነበረ ቋንቋቸውን ከድሮ ጽሑፍ እያነበቡ ለልጆቻቸው መልሰው እያስተማሩ ነው። የራሳቸው የምስጋና ልማድም አላቸው፣ ከአንድ በላይ፣ አክዊና ላይ በጥቅምት የክራንቤሪ ቀን ብለው ሥራና ትምህርት ትተው ፍሬ ይለቅማሉ፣ ትልልቆቹ ለልጆቹ ያወራሉ። ምስጋና ከእንግሊዝ የመጣላቸው ነገር አይደለም።

እና ለልጅሽ ምን ትያት? የሁለተኛ ክፍል ልጅ የተሰቀለ ጭንቅላት መስማት የለባትም። ሁለት የተቸገሩ ሕዝቦች ነበሩ፣ አንደኛው ባለአገር ነው፣ አንደኛው እንግዳ፣ ባለአገሩ እህሉንና ዕውቀቱን ሰጠ፣ ሦስት ቀን አብረው በሉ፣ በኋላ ግን እንግዶቹ በዙና መሬቱን ወሰዱባቸው፣ ባለአገሮቹ ዛሬም አሉ፣ ስማቸው ዋምፓኖግ ነው። ይሄን ሰባት ዓመት ልጅ ትችለዋለች። ላባውን በተመለከተ ለአስተማሪዋ በትህትና ብትጽፊላት ጥሩ ነው፣ ላባ ለብዙዎቹ ነባሮች ክብር ያለው ነገር ነው፣ የወረቀት መጫወቻ ሲሆን አይወዱትም፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ትተውታል። ለልጅሽ ወንድም ደግሞ የሊንከንን አዋጅና የዋምሱታን ንግግር ሁለቱንም ስጪው፣ አጫጭር ናቸው፣ እህቱን ማስለቀሱን ትቶ ራት ላይ ለአያቱ በአማርኛ ያስረዳ።

ወደ ጾሙ ስመጣ፣ እኔ የታሪክ ሰው ነኝ፣ ለዚህ የንስሐ አባታችሁ አሉ። ቀኑን ግን ላስላልሽ። ታንክስጊቪንግ ከኅዳር 22 እስከ 28 በፈረንጁ ይውላል፣ ጾመ ነቢያት በኛ ኅዳር 15፣ በነሱ 24 ወይም 25 ይገባል፣ ስለዚህ አብዛኛውን ዓመት ጾም ውስጥ ነው የሚወድቀው። በ2023 በኛ ኅዳር 13 ስለዋለ ከጾሙ አምልጧል፣ በ2026 በኛ ኅዳር 17 ነው፣ በ2028 ደግሞ በኛ ኅዳር 14፣ ልክ ቅበላው ላይ። ቶሮንቶ ያሉ ዘመዶችሽ ይሄ ጭንቀት የለባቸውም፣ ካናዳ በጥቅምት ሁለተኛው ሰኞ ነው የሚያከብረው። በሃይማኖት በኩል ዛሬ በዓሉ የመንግሥት ነው፣ የራሱ ቅዳሴ የለውም፣ አይሁዱም ሙስሊሙም ካቶሊኩም በየቤቱ ይሰበሰባል። እናትሽን የሚያስጨንቃቸው ተርኪው ከሆነ፣ በዓሉ ውስጥ ተርኪ ግዴታ የሆነበት ቦታ የለም። የማውቃቸው ቤተሰቦች ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ዱባ ወጥ አድርገው፣ ጎረቤት ጠርተው በጾም ያከብሩታል። ዱባና በቆሎ ደግሞ እንዳልኩሽ ከተርኪው ይልቅ ለ1621 የቀረቡ ናቸው። ሌሎች ተርኪውን በበርበሬና በንጥር ቅቤ ለውሰው ለማይጾመው ያቀርባሉ፣ ያም የየቤቱ ጉዳይ ነው።

የሃይስኩሉ ልጅ በነገሩ ከተያዘ አንድ ጊዜ ፕሊመዝ ውሰጂው። ፕሊመዝ ፓቱክሰት የሚባል ሙዚየም አለ፣ ከእንግሊዞቹ መንደር ጎን የዋምፓኖግ መኖሪያ ተሠርቶ በባህላቸው ቤት ሲሠሩ፣ ሲያበስሉ፣ ከእንጨት ጀልባ ሲፈለፍሉ ታያላችሁ፣ እዛ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ነባሮቹ ናቸው፣ ልብስ ለብሰው የሚተውኑ አይደሉም፣ የጠየቃችኋቸውን በዛሬ አንደበታቸው ይመልሱላችኋል። ክረምት ላይ ይዘጋል፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የሚከፈትበትን ጊዜ አይታችሁ ሂዱ።